የሰሌዳው ጀርባ

እዚህ ድረስ አብራችሁኝ የዘለቃችሁ አንባቢዎች ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ ለተቀላቀላችሁን ደግሞ ሆድ እንዳይብሳችሁ ከሥሩ ልንገራችሁ። ነገሩ የአንድ ጠላቂ፣ የአንዲት ቆጣሪ፣ በመካከላቸውም ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ የኖረች የአንዲት ነጭ ሰሌዳ ነገር ነው።

ልጅቷ በባሕር ምርምር ጣቢያው ውስጥ ትሠራለች። ወደቡ ሁሉ ቆጣሪዋ ይላታል፤ ሥራዋ የባሕር ፈረስ መቁጠር ነዋ። የባሕር ፈረስ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ፊቱ ቁርጥ ፈረስ፣ ጅራቱ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ዓሣ ነው። ዓሣ ይባል እንጂ ዋና አይሆንለትም። ቀኑን ሙሉ የባሕር ሣር በጅራቱ ጨብጦ ይውላል፤ ሣሩ ከጠፋ እሱም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይጣመራሉ። በየማለዳው ሴቷ ወንዱ ወዳለበት ትመጣለች፤ ቀለማቸውን አፍክተው፣ ጎን ለጎን እየዞሩ ሰላም ይባባሉና እሷ ወደ ጉዳይዋ ትመለሳለች። የሚያረግዘው ደግሞ ወንዱ ነው። የጣቢያው ሽማግሌ ዘበኛ ይህን የሰሙ ዕለት «ታዲያ ሴቷ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ብቻቸውን ሲስቁ ሰነበቱ።

የሚገርመው ቆጣሪዋ ባሕር ውስጥ ጠልቃ አታውቅም። በልጅነቷ የያዛት ሕመም አንዱን የጆሮ ታምቡር ስለበላባት ሐኪም ከወገብ በላይ ውኃ ከልክሏታል። ስለዚህ ዓይኗ ጠላቂው ነው። በየማለዳው ሣሩ ዘንድ አራት ሜትር ወርዶ፣ አንገታቸው ላይ በቀለም ክር የታሰረውን ቁጥር እያየ እያንዳንዱን ጥንድ ይመዘግባል። የሚጽፈው በሰሌዳዋ ላይ ነው። የደብተር ያህል ፕላስቲክ ናት፤ ጥጓ ላይ እርሳስ በሲባጎ ታስሮባታል። የተጻፈባትን ውኃ አያጠፋውም፤ የሚለቀው በእርጥብ አሸዋ ሲፈገፈግ ብቻ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ከውኃ ሲወጣ ሰሌዳዋን የጣቢያው መታጠቢያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። ቆጣሪዋ ፊቱ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ትልቁ መዝገብ ትገለብጣለች። ጀርባው ግን የእሷ ነው። መጀመሪያ የጻፈላት «ውኃው ሃያ ሰባት ዲግሪ፣ ጸሐፊው ሠላሳ ዘጠኝ» የሚል ነበር። ሳቋን አፍና፣ መታጠቢያው ሥር ካለው ቆርቆሮ እርጥብ አሸዋ ዘግና ፈገፈገችው። በማግሥቱ «ወንድ ያረግዛል ካልሽኝ ጀምሮ ቁርሴን እየፈራሁ ነው የምበላው» አለ። እሷም መልሷን እዚያው ጀርባው ላይ ትጽፍለታለች፤ እሱ የሚያነበው ከባሕሩ ሥር፣ ሣሩ መሐል ተንበርክኮ ነው። አንብቦ በባሕሩ አሸዋ ያጠፋታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፉ። ደንባቸው ሁለት ብቻ ነበር፤ ያነበበ ያጥፋ፣ ፊቱ ላይ አይዋሽ። ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ አንዲት መስመር እንኳ በእጃቸው አልቀረም።

ለምን ተደበቁ ትሉኝ ይሆናል። የጣቢያው ኃላፊ አባቷ ናቸዋ። የጠላቂው ሟች አባት ደግሞ በዘመናቸው የባሕር ፈረስ ከባሕር እየለቀሙ ቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ አስጥተው፣ ለመድኃኒት ነው ለሚሉ ነጋዴዎች ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው። ኃላፊው ግማሽ ዕድሜያቸውን እነዚያን ሰዎች በመክሰስ ነው የጨረሱት። ልጁን የቀጠሩት የባሕሩን ወለል እንደ እሱ የሚያውቅ ስላጡ እንጂ ወደውት አይደለም። ከመታጠቢያው ወዲህ አልፎ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ፈቅደውለት አያውቁም። በአድራቂ ልጅ እምነት ይጣላል ወይ ይሉ ነበር፣ ልጃቸው እየሰማች። እሷም ወረቀቷን እያስተካከለች ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ ኋላ እንደሚያስከፍላት መች አወቀች።

*

ያን ዓመት ባሕሩ ታመመ። ሰው ምድር ላይ ሲያነድ የሚውለው ሁሉ ትኩሳቱ የሚጠራቀመው ባሕር ውስጥ ነው ብላ ቆጣሪዋ ለዘበኛው ስታስረዳቸው፣ እሳቸው «ባሕርም ይተኩሰዋል እንዴ?» ብለው መዳፋቸውን ውኃው ላይ ጭነው ነበር፤ እንደ ሕፃን ግንባር። እጃቸውን ያነሱት ሳይስቁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃው እንደተረሳ ሻይ ለብ ብሎ ቆመ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። ሣሩ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሲነኩት የሚላላጥ ንፍጥ። አባቷ ቆጠራውን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲጀምሩ ሁለት መቶ አርባ ጥንድ ነበር። አሁን የቀረው አሥራ አንድ ጥንድ ነው።

ቆጣሪዋ እንቅልፍ አጣች። ሙቀት የወንዱን እርግዝና እንደሚያስቸኩለው፣ ያልጠና ልጅ እንደሚያስወልደው ታውቃለች። አንድ ቀን ደፍራ አባቷ ቢሮ ገባችና አንስተን ቀዝቃዛ ውኃ ወዳለበት እንውሰዳቸው አለች። ቤት ውስጥ አባዬ የምትላቸውን እዚያ እርስዎ ነው የምትላቸው። እሳቸውም ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በገዛ እጃቸው የጻፉትን በጣታቸው አሳዩዋት፤ «ቁጠር እንጂ አትንካ» ይላል። የነካነውን ቆጠርነው አይባልም፣ የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ቀን አላበላሽም አሉ። ስትወጣ ጠላቂው መታጠቢያው ጋ ቆሞ ነበር። እሷም ለእሱ ሳይሆን ለራሷ፣ «ምናለ የሚያደርሳቸው ሰው ቢኖር» አለች። እሱ ሰሌዳውን እያደረቀ አዳመጣት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘበኛው ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ጠላቂው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ሁለት ጊዜ ሣሩ ላይ እንደወረደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሣሩ ወዲያ ካለው ቋጥኝ ባሻገር ቀዝፎ እንደተመለሰ ነገሯት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሆዳቸው የሞላ ወንድ የባሕር ፈረሶች የሚፈልጉ ነጋዴዎች ወደቡ ላይ ታይተዋል ይባላል። «ልጄ፣ እኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን አልጨምርም» አሉ ዘበኛው።

ቆጣሪዋ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ሰሌዳው እንደወትሮው ጠርዙ ላይ ነው። ፊቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሠላሳ አንድ ዲግሪ። አንደኛ ጥንድ፣ ሴት አለች፣ ወንድ የለም። ሁለተኛ ጥንድ፣ ሴት አለች፣ ወንድ የለም። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ እንዲሁ። አሥራ አንድ ወንድ፣ አሥራ አንዱም እርጉዝ። ሞተው ቢሆን ሴቷም ወንዱም ነው የሚሞቱት፤ ሙቀት መርጦ አይገድልም። የመረጠ እጅ አለ አለች በልቧ፣ ቆሽቷ እያረረ።

ሰሌዳውን መገልበጥ የሁለት ዓመት ልማዷ ነበር። ጣቷ ጠርዙን ይዞም ነበር። ግን ፈራች። ጀርባው ላይ አንድ የሚያባብል ቃል ካየች፣ አንድ ቀልድ ብቻ ካየች፣ እንደምትሸነፍ ታውቃለች። ስለዚህ ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረገች ይዛው በቀጥታ ወደ አባቷ ቢሮ ገባች። አባቷ አንብበው በላስቲክ ከረጢት ከተቱትና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ጠላቂው ተጠርቶ መጣ። ፀጉሩ ገና አልደረቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታጠቢያው ወዲህ አለፈ፤ ያኔም ተቀመጥ ያለው የለም። ኃላፊው አሥራ አንዱን ፈረስ የት አደረስክ ሲሉት እሱ ያየው እሷን ነው።

«ሰሌዳውን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«አንብበሽ ነው ያስጠራሽኝ?»

«አንብቤ ነው» አለች፤ ቀጠለችና፣ አፏ ይቆረጥና፣ ያንን ተናገረች። «የአባትህ ጣሪያ አልበቃ ብሎ ነው?»

ከፊቱ ላይ አንድ ነገር ተነሥቶ ሲሄድ እኛ ባንኖር እንኳ በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ አይተዋል። ክርክር ይጠብቁ ነበር፣ ልመናም ይጠብቁ ነበር። እሱ የጀልባውን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። በዚያው ሰዓት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ይህ ሰው ባልዲ ይዞ ሣሩ አካባቢ ቢገኝ ለሕግ ይሰጥ የሚል። አባቷ ፈረሙ፣ ከሥራቸው ምስክር ብላ እሷ ፈረመች። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ግን ያለቀሰችው ለፈረሶቹ አልነበረም፤ ይህን ለራሷም አልነገረችም።

*

ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ማለዳዎች ቆጣሪዋ በሕይወቷ አትረሳቸውም። አዲስ ጠላቂ እስኪገኝ፣ ዘበኛው እየቀዘፉላት፣ እሷ መቀመጫው ላይ በሆዷ ተኝታ ታቹ መስተዋት በሆነ ሣጥን ወደ ውኃው ውስጥ ታያለች። ሴቶቹ ይመጣሉ። እያንዳንዷ ከምትውልበት ተነሥታ፣ እየተንገዳገደች ዋኝታ፣ ወንዷ ይጠብቃት ወደነበረው ሣር ትደርሳለች። ቀለሟን ታፈካለች። ትጠብቃለች። አንድ ዙር ብቻዋን ትዞርና ትመለሳለች። ቆጣሪዋም በእርሳስ «ሴት መጣች፣ ወንድ የለም፣ ተመለሰች» ብላ ትጽፋለች። በእያንዳንዷ መስመር ጠላቂውን ትረግመዋለች። አንዳንዴ ቀና ስትል ከሩቅ፣ ከቋጥኙ ማዶ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ ቆማ ታያለች፤ ለመስረቅ ያደባል ብላ ዘበኛው ነቅተው እንዲያዩ ታዛለች።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ መጡ። በሦስተኛው ሰባት። በአምስተኛው ሁለት፣ እነሱም ቀለማቸው እምቢ ብሏቸው ግራጫ እንደሆኑ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሣሩ ከሥሩ ለቅቆ በምንጣፍ በምንጣፍ ተንሳፈፈ፣ የመጣ ፍጥረት የለም። መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፈች። ዘበኛው መቅዘፊያውን አንሥተው «እንመለስ ልጄ?» አሏት፤ መዝገቡን ዘጋች።

ባሕሩ ኋላ ቀዘቀዘ። ምን ዋጋ አለው። የሚቆጠር ስለሌለ ጣቢያው እንዲዘጋ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ስድስት ወር ቆይቶ ነው ይህ። አባቷ በስድስት ወር ውስጥ የስድስት ዓመት ያህል አርጅተዋል፤ ቁልፋቸውን ሰጥተዋት መሳቢያዎቹን ባዶ አድርጊልኝ አሏት። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ላስቲኩን አገኘችው።

ስታወጣው ሰሌዳው ከእጇ ሾለከና ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጥቅጥቅ ብሎ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ፣ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎበታል።

«ቆጣሪዬ፣ አሥራ አንዱንም አባቶች ከቋጥኙ ማዶ ወዳለው ጉድጓድ አወረድኳቸው። ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣበታል፣ ሃያ ስድስት ነው። ሣር ስለሌለ ገመድ ቋጥሬ ዘረጋሁላቸው፤ ጨብጠውታል። ባልዲው ሁሉንም አልያዘልኝም። እርጉዝ ይቅደም ብዬ ነው፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ሴቶቹን ነገ እወስዳለሁ፣ ግን ጀልባውን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ነገ ማለዳ ጀልባ መቆሚያው ላይ ጠብቂኝ። ከዚያ ለአባትሽ አብረን እንነግራቸዋለን። ስለ ፈረሶቹም፣ ስለ እኛም።»

አንዴ አነበበችው። ሁለተኛ ስታነበው የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንዶቹ አልተሰረቁም። ሴቶቹን የሚወስድ ሰው ነበር፤ በሕግ አስከልክላ ያባረረችው እሷ ናት። ስድስት ማለዳ ሙሉ በመስተዋት እያየች የመዘገበችው የገዛ ሥራዋን ነው። በላዩ ላይ ደግሞ «አንብበሽዋል?» ሲላት «አንብቤዋለሁ» ብላለች። አንብባ፣ ሁሉን አውቃ አሳልፋ እንደሰጠችው አምኖ ነው ቁልፉን አስቀምጦ የወጣው።

አባቷ ሲገቡ ሰሌዳውን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ። መጀመሪያ የጠየቁት «እውነት ሃያ ስድስት ነበር?» ብለው ነው። ዞረው ያንን ቀይ ጽሑፍ አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆጠርናቸው፣ አይደል?» አሉ። ልጅ እንደመሆኗ አባቷን ማቀፍ ነበረባት፤ አልቻለችም።

*

ጠላቂው የት እንዳለ የነገሯት ዘበኛው ናቸው። ለካ በየጊዜው ይጠይቁት ነበር። መጥለቅ ትቷል አሏት፤ ከወደቡ በስተጀርባ መርከብ በሚጠገንበት ግቢ የመርከብ ሆድ ፍቆ ያድራል።

ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ ውኃ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ቆሟል። ከሥሩ በእንጨት ርብራብ ላይ የተሰቀሉ ሰዎች የተጣበቀበትን ዛጎል በብረት ይፍቃሉ፤ ጩኸቱ ጥርስ ያሳክካል። እሱ ሲያያት መፋቂያውን አቆመ። ቀስ ብሎ ወረደ፣ አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ወደ አንገቱ ሳበ። ፊቱ ነጭ አቧራ ነው። ከስቷል። ደህና ነሽ ወይ አላት፣ እንደማንኛውም ሰው። ያ እንደማንኛውም ሰው ማለቱ ከስድብ በላይ ወጋት።

መንገዱን ሁሉ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር ጠፋባት። ሰሌዳውን ዘረጋችለት።

«አላነበብኩትም ነበር» አለች። «የዚያን ቀን ጀርባውን አልገለበጥኩትም። ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ። «ጠይቄሽ ነበርኮ።»

«ፊቱን ነበር ያነበብኩት።»

«ለምን?»

የሚያምር መልስ ብትፈልግ አጣች። «ደግ ቃል ካየሁ እሸነፋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። እሷ ደግሞ ጅል ልቧ፣ ልብ መቼ ይማራል፣ እዚያች ዝምታ ውስጥ ተስፋ ቆነጠረች። አሁን እውነቱን አወቀ፣ አልከዳሁትም፣ ይቀለዋል አለች።

«ስድስት ወር ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለ ቀና ብሎ። «አንብባ ነው እል ነበር። አባቷን ፈርታ፣ ቤቷን ፈርታ፣ እኔንና አባቷን ማስታረቅ ከብዷት ነው፣ ሰው ናት እል ነበር። ለዚያ ይቅርታ አዘጋጅቼልሽ ነበር። ብትመጪ የምልሽን ሁሉ አውቀው ነበር።» የፊቱን አቧራ በክንዱ ጠረገ። «ለዚህኛው ግን ያዘጋጀሁት የለም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሌባ ነው ብለሽ ስታምኚ፣ ሰሌዳ ለመገልበጥ የምታህል ጥርጣሬ እንኳ አልነበረሽም።»

እንባዋ ወረደ። ስለ ወንዶቹ ጠየቀችው። ወለዱ ወይ አለችው።

ወልደዋል። ከጣቢያው እንጂ ከባሕር አልተከለከልኩም ብሎ በየማለዳው ጉድጓዱ ድረስ እየቀዘፈ ይጠልቅ ነበር። በአራተኛው ቀን ወለዱ፣ ውኃው ውስጥ እንደ ጢስ ነው የሚለቋቸው አላት። ግን ሙቀቱ ቀድሞ አስቸኩሏቸው ኖሮ ልጆቹ አልጠኑም፤ ጅረቱ ይዟቸው ሄደ። ሁለት ሦስቱን ገመዱን ጨብጠው አይቷቸዋል። በማግሥቱ የሉም።

«ከዚያ አባቶቹ ጠዋት ጠዋት ገመዱን መልቀቅ ጀመሩ» አለ። «ቀለማቸውን ያፈካሉ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ያያሉ፣ ይዞራሉ። ማንም የለም። ተመልሰው ይጨብጣሉ። እያየሁ በመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ፤ ውኃ ያዘ።»

«በስንት ሰዓት?» አለች።

«ፀሐይ ስትወጣ።»

እሷም የላዩን ነገረችው። በዚያችው ሰዓት፣ ከቋጥኙ ወዲህ፣ ሴቶቹ እንዴት ይመጡ እንደነበር፣ እንዴት ብቻቸውን ዞረው ይመለሱ እንደነበር። የቀኑን ቁጥር እየጠራች ነገረችው፤ ሌላ መናገሪያ አታውቅም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ታያት የነበረችው ትንሽ ጀልባ የእሱ እንደነበረች፣ ባዶ ባልዲ ይዞ እነሱ ዞር እስኪሉለት ይጠብቅ እንደነበር ያኔ ነው የገባት። ዘበኛው ዓይናቸውን እንዳይነቅሉ ያዘዘችው ራሷ ናት።

«ይቅር በለኝ» አለች። «እባክህ። ቀስ ብሎም ቢሆን። እጠብቃለሁ።»

እጁን ዘረጋና ሰሌዳውን ተቀበላት። ከእግሩ ሥር፣ ብረት ከሚታጠብበት ቧንቧ አጠገብ፣ እርጥብ አሸዋ ተከምሯል። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባት እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ተወው። ከአንተ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ያነበበ ያጥፋ አልነበር?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር እንዴት በወደደች። «አንቺ ካልቻልሽ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

እጇን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና ፈገፈገ። መጀመሪያ ከላይ «ቆጣሪዬ» የሚለው ሄደ። ከዚያ አባቶቹ፣ ጉድጓዱ፣ ገመዱ። ከታች በኩል «ነገ ማለዳ ጠብቂኝ» የሚለውን ያኔ እርሳሱን ጫን ብሎ ጽፎት ኖሮ አልለቅ አለው። ሌላ እፍኝ ጨመረበት። ያንንም አጠፋው። በክንዱ ጠረገና በቧንቧው ውኃ አለቀለቀው።

ሰሌዳውን ገለበጠ። ፊቱንም ሊያጠፋው ነው ብላ ጠበቀች፤ አላጠፋውም። ያ ሁሉ «ወንድ የለም፣ ወንድ የለም» በእጅ ጽሑፉ እንደተደረደረ መልሶ እጇ ላይ አኖረላት።

«የፊቱ ይቆይ» አለ። «ቆጠራ አይነካም።»

ጨርቁን ወደ አፉ መልሶ ርብራቡን ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የብረቱ ፍቀት እንደገና ተሰማ። አንድ ጊዜ ዞሮ ያይ ይሆን ብላ ቆማ ጠበቀች፣ ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪወርዱ ድረስ። እሱ ምሳ አልወረደም።

ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። ወደ ፊቱ መለሰችው፣ ደግማ ገለበጠችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ጠፋብሽ ልጄ አሏት። ምንም አለች። ከዚያም እንደገና ገለበጠችው፣ እስክትወርድ ድረስ እጇ እምቢ ብሏት ስትገለብጠው ቆየች።